ጌጤ ከአምስት ስንት ናት?

አባቶቻችን «የሰው ሆዱን፣ የወፍ ወንዱን» ብለው ነገሩን ዘግተውት ነበር። የወፍ ወንዱ በዓይን እንደማይለይ ሁሉ የሰውም ውስጡ አይታወቅምና አርፋችሁ ተቀመጡ ማለታቸው ነው። እኛ ግን አርፈን የምንቀመጥ ልጆች አልወጣንም። ሰው ባየን ቁጥር ስም እናወጣለን፤ ያውም ከገዛ አካሉ አንዱን መዝዘን። ቻዩን ሆደ ሰፊ፣ ቶሎ የሚከፋውን ሆደ ባሻ እንላለን። የማይፈራው ልበ ሙሉ ነው። የሚሽኮረመመው ዓይነ አፋር ነው፣ የማያፍረው ደግሞ ዓይን አውጣ። ወሬ የሚያሳምረውን አፈ ጮሌ፣ ዕቃ የሚጠፋበትን ቤት የሚያዘወትረውን እጀ ረጅም ብለን እንሸኘዋለን። ቁጠሩልኝ እስቲ፤ ሆድ፣ ልብ፣ ዓይን፣ አፍ፣ እጅ። አምስት ሆኑ። ይህን አምስት ያዙልኝ፣ ኋላ ይፈለጋል።

እኔ ደምሴ እባላለሁ፤ አምቦ ውስጥ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የሰው ሀብት ክፍል ኃላፊ ነኝ። ስሙ ትልቅ ነው። ሥራው ግን የፈቃድ ፎርም መፈረም፣ የቀረ ሰው መመዝገብና የተኳረፉ ሠራተኞችን ማስታረቅ ነው። ቢሮዬ ከኮሪደሩ ጫፍ ላይ ነው፤ ከሁሉቃ ወንዝ በኩል ንፋስ ስለሚገባ በሩን እዘጋዋለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው ስቀጥርና ሳሰናብት ስለኖርኩ፣ አንድ ሰው አንኳኩቶ ገብቶ ወንበር ስቦ እስኪቀመጥ ድረስ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ አውቄ እጨርሳለሁ ብዬ አምን ነበር። «ነበር» የምትለዋ ቃል ናት ይህን ያጻፈችኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ መዋቅር መጣ። መዋቅር እንደ ክረምት ነው፤ በየጊዜው ይመጣል፣ ጣሪያው የሚያፈስበት ሰው ብቻ ነው ጉዳዬ የሚለው። የዚያን ጊዜ ያፈሰሰው በጌጤ ላይ ነው። የጽዳቱ ሥራ ለውጭ ኤጀንሲ ስለተሰጠ፣ ከሰኔ ሠላሳ በኋላ የጽዳት ሠራተኛ የሚባል መደብ ከቤታችን ሊሰረዝ ሆነ። ሁለቱ ባልደረቦቿ ጡረታቸው ደርሶ ወጡ። ጌጤ ግን ለጡረታ ገና ናት።

ጌጤ የጊንጪ ልጅ ናት። ባሏ ጥሏት በሄደ በዓመቱ የአምስት ዓመት ልጇን እጇን ይዛ አምቦ መጣችና ተቀጠረች። ያ ከሆነ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖት ነበር። ማታ ማታ ተምራ ዲፕሎማ ይዛለች፤ መወልወያውን ግን አላስቀመጠችም፣ የሥራ መደቧን የሚቀይርላት አልተገኘማ። (የሥራ መደብ የሚቀይረው ክፍል የማን እንደሆነ አትጠይቁኝ።) ልጇ ያን ጊዜ አሥራ አንደኛ ክፍል ደርሳለች። ጌጤ ሥራዋን ካጣች ያላት ምርጫ የአምቦውን ቤት ለቅቃ ጊንጪ መመለስና ከእናቷ ጋር መንገድ ዳር ቆማ ለአውቶቡስ ተሳፋሪ ቅቅል ድንች መሸጥ ነበር። ልጅቷም ማገዟ አይቀርም። የሚያግዝ ልጅ ደግሞ ትምህርት ቤት የሚሄደው ገበያ በሌለበት ቀን ነው።

መዋቅሩ የሰጠው አንድ ነገር ነበር፤ «የመረጃ መስኮት»። በሩ አጠገብ ተቀምጦ ለመጣው ሁሉ የት እንደሚሄድ የሚናገር ሰው ይፈለጋል፣ ዲፕሎማ ያለው፣ አማርኛም ኦሮምኛም የሚችል። ሁለት ሰው ተመዘገበ፤ ጌጤና የመዝገብ ቤቱ ብሩክ። ብሩክ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ዲግሪ ያለው፣ ጨዋ ልጅ ነው፤ ስለ እሱ ክፉ እንድናገር አትጠብቁ። ልዩነታቸው፣ እሱ ቢሸነፍ ወደ መዝገብ ቤቱ ይመለሳል። እሷ ብትሸነፍ የምትመለስበት የለም።

ሥራ አስኪያጃችን ያን ሰሞን ከሥልጠና መመለሱ ነበር። ከሥልጠና የተመለሰ ሥራ አስኪያጅ ያስፈራል። ሰብስቦን «ከእንግዲህ በትውውቅ መቅጠር ቀርቷል፣ ጠባይ በሳይንስ ይለካል» አለና እዚሁ ከተማችን ሥነ ልቡና የምታስተምር ቦንቱ የምትባል ወጣት መምህርት ይዞ መጣ። ከእኔ ጋር እንድትሠራ ተመደበች። ቢሮዬ ገብታ ስትቀመጥ እንደ ልማዴ ለካኋትና «ይቺ ኩሩ ናት» ብዬ ጨረስኩ። ሻይ ስንጠጣ ዓይነ አፋር መሆኗን አወቅሁ። የመጀመሪያው ስሕተቴ ይኸው ነው።

«ጠባይ እንዴት ተደርጎ ነው የሚለካው? ጨርቅ በክንድ ይለካል፣ እህል በቁና። ጠባይስ?» አልኳት።

እሷም አስረዳችኝ። ሊቃውንቱ «ሰው ስለ ሰው ማወቅ የሚፈልገውን ነገር ሁሉ በቋንቋው ስም አውጥቶለታል» ብለው አሰቡና መዝገበ ቃላት ገልጠው ሰውን የምንገልጽባቸውን ቃላት ለቀሙ። ብዙ ሺህ ሆኑ። ተመሳሳዩን እያጣሩ ለብዙ ሰው ሰጡና «ይህ ቃል አንተን ምን ያህል ይገልጽሃል? የምታውቀውንስ ሰው?» እያሉ ቁጥር አሰጡ። ከዚያ የትኛው ቃል ከየትኛው ጋር አብሮ እንደሚሄድ በስሌት ተመለከቱ። ጨዋታ ወዳድ የተባለ ሰው ብዙውን ጊዜ ተግባቢም ይባላል። ሥርዓተኛ የተባለው ቀጠሮ አክባሪም መባሉ አይቀርም። አብረው የሚሄዱት እየተሰበሰቡ አንድ ወገን ሆኑ። ወገኖቹ ሲቆጠሩ፣ ደጋግመው አምስት መጡ።

አንደኛው ከሰው ጋር መሆን ምን ያህል ደስ ይለዋል ነው። ቀጥሎ ሥራውን ምን ያህል በጥንቃቄ ይይዛል፣ ለሰውስ ምን ያህል ያዝናል የሚሉት ይመጣሉ። የሥጋቱና የመከፋቱ መጠን አለ፤ በመጨረሻ አዲስ ነገር ለማወቅ ያለው ጉጉት። እኔም ሆድ፣ ልብ፣ ዓይን፣ አፍ፣ እጅ እያልኩ የእኛን አምስት ቆጠርኩላት። ሳቀችና ደብተሯ ላይ ጻፈችው። ወዲያው ግን ደግሞ ኮስተር አለች።

«ጋሽ ደምሴ፣ ይህ ሰውን እዚህ ሳጥን፣ እዚያ ሳጥን የሚከት ነገር አይደለም። እንደ ቁመት ነው፤ ሁሉም ሰው ከሁሉም አለው፣ መጠኑ ነው የሚለያየው። አብዛኛው ሰው መካከል ላይ ነው። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ከአንድ እስከ አምስት ካሉት ቁጥሮች አንዱ ይከበባል። ሦስት ማለት ታዲያ መካከለኛ ነው ማለት ነው እንጂ ሰውየውን አላውቀውም ማለት አይደለም። ይህን ለሁሉም ይንገሩልኝ።»

ነገርኩ። ለሁሉም ነገርኩ። ለራሴ ብቻ ሳልነግር ቀረሁ።

ምርጫው ከመድረሱ በፊት ጥያቄዎቹ ለሰው ይገቡ እንደሆነ ተሞከሩ። ሃምሳ ናቸው፤ ከባሕር ማዶ የመጡትን ቦንቱ በኦሮምኛም በአማርኛም አዘጋጅታቸዋለች። አንደኛው «በድግስ ላይ የድግሱ ነፍስ እኔ ነኝ» ይላል። ጥበቃችን ኦቦ ቶለሳ መነጽራቸውን አውልቀው «ማሎ፣ እባክሽ፣ ድግስ ላይ ነፍሱን የሚሰጠው በሬው ነው። እኔን ምን አገባኝ?» አሉ። ቦንቱ ጥያቄዋን ሰረዘችና ሌላ ተካች።

ለሙከራው እኔም ስለ ራሴ ሞላሁ። «ከሰው ጋር መሆን ደስ ይለኛል» ለሚለው አምስት፣ «ሰው ሲናገር አዳምጣለሁ» ለሚለውም አምስት ሰጠሁ፤ በራሴ ላይ ምቀኛ አይደለሁም። ሁለተኛው ቅጂ እኔን በደንብ የሚያውቀኝ ሰው ስለ እኔ የሚሞላው ነው። ማን ይሁን ብዬ አሰብኩ። ባለቤቴ ነፍሷን ይማረውና ብትኖር ያለ ወረቀት በቃሏ ታወርደው ነበር፤ ካረፈች ግን አራት ዓመት ሆኗታል። ትንሽ አሰብኩ፣ ሰው አልመጣልኝም። ብወጣ ጌጤ ኮሪደሩን ትወለውላለች። «እስቲ ይቺን ሙዪና ለመምህርቷ ስጫት» ብዬ ከነፖስታው አስጨበጥኳትና ወደ ቢሮዬ ተመለስኩ። ነገሩን እዚያው ረሳሁት።

አሁን ወደ ምርጫው እንምጣ። ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ ሦስት ወረቀት ይሞላል፤ አንዱን ራሱ፣ አንዱን አለቃው፣ አንዱን የሚያውቀው ባልደረባ።

ብሩክ የራሱን በአምስት አጥለቀለቀው። ጌጤ የራሷን ስታስረክበኝ አየት አደረግሁና ደነገጥኩ። አንድና ሁለት ብቻ ነው። «ሥራዬን በጥንቃቄ እሠራለሁ» ለሚለው እንኳን ሁለት።

«ጌጤ፣ ይህ ምንድን ነው? አምስት የሚባል ቁጥር አላየሽም?»

«ታዲያ ጋሼ፣ ስለ ራሴ አምስት ልበል? ነውር አይደለም? አምስቱን ከሰጠኝም ሌላ ሰው ይስጠኝ።»

ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም ልላት ፈልጌ ነበር፤ ሕጉ መምከር ስለሚከለክል ወረቀቷን ተቀብዬ አስቀመጥኩ። ነገሩ እኮ እውነት አላት። እኛ ዘንድ ራሱን የሚያሞግስ ሰው ሲነሳ ከኋላው ይሳቅበታል። እናቶቻችን «አንተ ዝም በል፣ ሰው ይናገርልህ» እያሉ ነው ያሳደጉን። ያ ወረቀት የተሰፋው ደግሞ ራስን መናገር ነውር ባልሆነበት አገር ነው። ከዚህ አገር ልጅ ፊት ሲቀርብ፣ ያደገችበትን ጨዋነት ስንፍና ብሎ ቆጠረባት።

የአለቃዋን ወረቀት የምሞላው እኔ ነበርኩ። የዚያን ቀን የሩብ ዓመት ሪፖርት ቸኩሎብኛል። ወረቀቱን ሳብኩና ሃምሳውንም ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት ብዬ አከበብኩ። ሦስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ሦስት ማንንም አይጎዳም ብዬ ነው።

ሦስተኛው ወረቀት ለዘይነባ ተሰጠ። ዘይነባ የሠራተኛ ሻይ ቤታችንን የምትሠራ፣ ቤተሰቦቿ ከደቡብ መጥተው እዚህ የከበሩ ሴት ናት፤ ጌጤን በደንብ ታውቃለች። ወረቀቱን ለብቻዋ፣ በምስጢር እንድትሞላ ተነግሯታል። እኔ ምሳ በልቼ ስመለስ ግን ግቢው ውስጥ ዋንዛው ዛፍ ሥር ሸንጎ ተቀምጧል። ዘይነባ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታለች፣ ኦቦ ቶለሳ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፣ ሾፌራችን መኪናውን ተደግፎ ይከራከራል። ጌጤን ሰበብ ፈልገው ገበያ ልከዋታል።

«ዘይነባ፣ በምስጢር ሙዪ አልተባልሽም?» አልኩ።

«ብቻዬን በሰው ላይ ልመስክር ጋሼ? አላህን እፈራለሁ።»

ኦቦ ቶለሳ በትራቸውን መሬት ላይ ተከል አድርገው፣ «በሰው ላይ በምስጢር የሚጻፍ ነገር እኛ ዘንድ ስም ማጥፋት ነው የሚባለው። ይልቅ ቁጭ ይበሉ፣ ሃያ ሁለተኛው ላይ ደርሰናል» አሉኝ።

መቀመጡን ፈርቼ ቆሜ አዳመጥኩ። «በቀላሉ ትቆጣለች» የሚለው ላይ ነበሩ። ሾፌሩ አራት ይሁን ይላል፤ አንድ የክረምት ቀን በጭቃ ጫማው እርጥቡን ወለል ረግጦባት በመወልወያው አባራዋለች። ዘይነባ «በአሥራ አንድ ዓመት አንድ ቀን ነው፣ ያውም ጥፋቱ ያንተ» አለች። ተሟገቱ። በመጨረሻ ሁለት ተባለና ጎኑ ላይ «ትቆጣለች፣ ግን በሚያስቆጣ ነገር» ተብሎ ተጻፈ። «ለሌላው ታዝናለች» ላይ ሲደርሱ ኦቦ ቶለሳ ስለ አንድ ከወንጪ ስለመጡ ሽማግሌ ተናገሩ። ሽማግሌው አንድ ደብዳቤ ይዘው ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተቱ ውለው ደረጃው ላይ ተቀምጠው ሲያለቅሱ፣ ጌጤ መወልወያዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ፣ ክንዳቸውን ይዛ፣ በኦሮምኛ እያጽናናች አምስት በር አንኳኩታ አስፈርማላቸዋለች። ከዚያ ወዲህ ከወንጪ የሚመጣ ሰው በሩ ላይ የሚጠይቀው ሥራ አስኪያጁን አይደለም አሉ። «ጌጤን ነው።»

ከአምስቱ በር አንዱ የእኔ መሆን አለበት። አላስታውሰውም።

የውሳኔው ቀን ጠዋት ቦንቱ ከስብሰባው በፊት ቢሮዬ መጣችና ፖስታ ሰጠችኝ። «የሙከራው ጊዜ ስለ እርስዎ የተሞላው ነው። ጌጤን ላሳያቸው ወይ ብዬ ጠየቅኋት፤ ያንብቡት፣ የዋሸሁት የለም አለች።»

ከፈትኩት። ጌጤ ቁጥር ማክበብ ብቻውን አልበቃትም፤ በእርሳስ፣ በጥቃቅን ፊደል፣ ጎን ጎኑን ጽፋበታለች።

«ሥራውን በሥርዓት ይሠራል» አምስት። «ዓርብ ዓርብ እርሳሳቸውን ሁሉ ቀርጸው ነው የሚወጡት።»

«በቀላሉ ይቆጣል» አራት። «ጠዋት ብቻ። ቁርስ ሳይበሉ ስለሚመጡ ነው።»

«ከሰው ጋር መሆን ደስ ይለዋል» ሁለት። «ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ነው። በፊት ሲስቁ እኔ ከኮሪደሩ ወዲያኛው ጫፍ ሆኜ እሰማ ነበር።»

አንድ ሌላም ነበር፤ እሱ ለጊዜው ይቆየኝ። ሃምሳውም ላይ ከአንድ እስከ አምስት ያለው ቁጥር ሁሉ ተበትኗል፤ አስባበታለች። አንድ ቦታ ሦስት ከባ «መካከለኛ ናቸው» ብላ ጽፋለች። በእውነት መካከለኛ የሆንኩበት ቦታ ነው።

ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ አፈርኩ። ሌላ ቃል አልፈልግለትም፤ አፈርኩ። እኔ ሦስት ደቂቃ ያልሰጠኋት ሴት አሥራ አንድ ዓመት ስታየኝ ኖራለች። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይባላል፤ ሰው ላውቅ ሃያ ስድስት ዓመት ደመወዝ የበላሁት ሰውዬ ያረረብኝን ያየችልኝ እሷ ናት።

ስብሰባው ሦስታችን ነን፤ ሥራ አስኪያጁ፣ ቦንቱና እኔ። ሦስቱ ሦስቱ ወረቀት ተደመረ። ብሩክ ቀደመ። የቀደመው በጥቂት ነው፤ ያ ጥቂት የእኔ ሦስቶች ናቸው።

«የእኔ ወረቀት ይሰረዝልኝ» አልኩ።

«ምክንያት?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«አላውቃትም።»

«አሥራ አንድ ዓመት አለቃዋ ሆነው?»

«አሥራ አንድ ዓመት አለቃዋ ሆኜ።»

ሥራ አስኪያጁ የሚቀጣኝን አንቀጽ በልቡ የሚፈልግ መሰለኝ። ቀጥሎ «እንግዲያው ያ ዛፍ ሥር የተሞላውም አብሮ ይሰረዛል፤ የሸንጎ ወረቀት ሳይንስ አይደለም» አለ። ቦንቱ ያን ጊዜ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ ተናገረች። አንድን ሰው ብዙ የሚያውቁት ሲጠየቁ የአንዱ ስሕተት በሌላው ይቃናል፤ ይህ በሙያዋ የታወቀ ነው፤ ስሕተቱ ተማክረው መሙላታቸው ብቻ ነው። ለየብቻ ይሙሉት፣ የብሩክም ባልደረቦች ሦስት ሆነው ለየብቻ ይሙሉለት። የራሳቸውን ወረቀት ደግሞ ሁለቱንም እንተወው አለች። ጌጤ ራሷን ዝቅ አድርጋለች፤ ብሩክም «ሰው መሀል መዋል እወዳለሁ» ለሚለውም «ለብቻዬ መሥራት እመርጣለሁ» ለሚለውም አምስት ሰጥቷል። አንዱ ጥያቄ ሌላውን ለመያዝ ነው የገባው።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ዘይነባ አንድ ክፍል፣ ኦቦ ቶለሳ አንድ ክፍል፣ ሾፌሩ አንድ ክፍል ገብተው ሞሉ። ኦቦ ቶለሳ እንደ ተከሳሽ ለየብቻ መቀመጣቸው ከንክኗቸዋል፤ ቢሆንም ሞሉ። የሦስቱ ቁጥር እህትማማች ሆኖ ወጣ። የብሩክም እንደዚሁ፤ ባልደረቦቹ በጥንቃቄው አምስት፣ ከሰው ጋር በመዋል ሁለት ሰጡት። የመስኮቱ ሥራ ደግሞ ከሰው ጋር መዋል ነውና ጌጤ ለስድስት ወር ሙከራ መስኮቱን አገኘች። ብሩክ ሁለት ቀን አኮረፈ። በሦስተኛው ቀን መዝገብ ቤት ስገባ ፋይል መሀል ተቀምጦ ያፏጫል፤ እኔን ሲያይ አቆመ።

ሐምሌ አንድ ጠዋት ጌጤን መስኮቱ ጋ ተቀምጣ አገኘኋት። ነጠላዋን በሥርዓት ለብሳለች፣ ከፊቷ አራት ሰው ተሰልፏል። «እንደምን አደሩ ጋሼ» አለችኝና ቀጥላ፣ እንደ ድሮው ሳይሆን አሁን በሥልጣኗ፣ «ቁርስ በልተዋል?» አለችኝ። አልበላሁም ነበር። ወደ ዘይነባ ሻይ ቤት ተመለስኩ።

እንግዲህ ሳይንሱን አልንቅም። አምስቱ ወገን እውነት ነው፣ መለኪያውም መለኪያ ነው። ቁናው ግን ያዥ ይፈልጋል። ስንቅህን በአህያ፣ አመልህን በጉያ ይላሉ፤ ጉያችን ውስጥ የያዝነውን አመል ሲያይ የኖረ አንድ ሰው ካለን ታድለናል። ከሌለን ጥፋቱ የወረቀቱ አይደለም።

ጌጤ ከጻፈችው አንዱን ሳልነግራችሁ አልፌያለሁ። ስላፈርኩ ነው። «የልቡን ለሰው ያካፍላል» የሚለው ላይ አንድ ከባለች። ጎኑ ላይ እንዲህ ይላል፤ «ንፋስ ስለሚገባ ነው ብለው በራቸውን ይዘጋሉ። ወለሉን የምጠርግ እኔ ነኝ፤ ንፋስ የለም።»

ይህን የምጽፈው በሩን ከፍቼ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ጠረጴዛዬ ላይ ያሉትን ወረቀቶች እያየኋቸው ነው። አንዱም አልተነቃነቀም።